የሚኒባሷ አመል

ጥር 13 ቀን 2017

ደሳለ ደወለ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ። «እትዬ ወይንሸት፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ተኛችብኝ» አለኝ። በሬ የሸጥኩለት መሰለው እንዴ። «መኪና አይተኛም ደሳለ፤ ነዳጅህን አይተህ ንዳ» አልኩት። «ነዳጅ ሞልቷል። ውሃ እያፈላች ነው። ጋሸና ሳልደርስ ሰዉ ሁሉ ወርዶ በእግሩ ሄደብኝ» አለ። ስልኩ ሲቆራረጥ ደስ አለኝ፤ ዘጋሁት።

ሚኒባሷን ለምን እንደሸጥኳት አገር ያውቃል። እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ላሊበላ ወዳለው ማረፊያ ቤቴ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። እንግዳው ቀረ። አንዴ ጦርነት፣ አንዴ መንገድ ተዘጋ ሲባል አልጋዎቹ አቧራ ለበሱ፤ ጣራው ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስብኝ ነበር። ስለዚህ በገና ሰሞን ሸጥኳትና ጣራዬን በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርኩ። ይሄ ወንጀል ከሆነ ይንገሩኝ።

ገዢው የፍላቂት ገበሬ ነው፤ በሬዎቹን ሸጦ ነው የመጣው። ውል ልንጽፍ ስንቀመጥ ብዕር አልይዝም አለ። «መጀመሪያ አመሏን ንገሪኝ» አለኝ። ከብት ሲሸጥ እንደዚያ ነው፤ ሻጭ በእማኝ ፊት ይራገጣል፣ ይዋጋል፣ እርሻ መሀል ይተኛል ብሎ ይናገራል። ከተናገረ ገዢ ወዶ ገባ ነውና አፉን ይዘጋል። ከደበቀ ግን በሬው ተመልሶ ሻጩ ደጅ ላይ ይታሰራል። እኛም እናውቀዋለን፤ ግን ለከብት ነው። እኔም ሳቅኩና ነገርኩት። የቀኝ በሯ ካልገፉት አይዘጋም፣ ሬዲዮኗ ሲላት ትናገራለች ሲላት ዝም ትላለች፣ ሌላ አመል የላትም አልኩት። እማኞቹ ቄስ አረጋና ወንድሜ ኪዳን ነበሩ። ቄስ አረጋ እንኳ ሳቁ። ሲነዳት የኖረው ኪዳን ግን እንደ ልማዱ መሬት መሬት ሲያይ ነበር።

ስሟ ዞሮለታል። ሊብሬው በእጁ ነው። ከእንግዲህ እኔን ምን ይለኛል?

ጥር 15

ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ኪዳን ስልኩ ሲጮኽ ያየኛል። «ምን ታየኛለህ?» ስለው «ምንም እታለም» ይላል። ምንም ከሆነ ለምን ያየኛል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ገበያ ብሎ መጣ። ገበያው ግን የኔ ደጅ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጡልኝ ሁለት ፈረንጆች ቁርስ እየበሉ ሳለ በር ላይ ቆሞ «ተኚ በሬ ሸጠሽልኛል፤ ነይና ውሰጂ» እያለ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ፈረንጆቹ ምን ሆኖ ነው ብለው ሲጠይቁኝ አእምሮው ልክ አይደለም አልኳቸው። ሌላ ምን ልል ነበር?

ወጥቼ «እንደ ሰው አክብሬ ምሳ ጋብዤህ ነበር፤ ደጄ ላይ ልትሰድበኝ ነው?» አልኩት።

«ምሳውን አስታውሰዋለሁ፤ ለምን እንደጋበዝሽኝ ግን አሁን ነው የገባኝ» አለኝ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ይሄን ይለኛል። የበላውን ምሳ መልሶ በአፌ ሊያጎርሰኝ። ኪዳን መሀላችን ገብቶ በትህትና «ጋሽ ደሳለ፣ ይሂዱ፤ እናወራለን» አለው። እናወራለን ማለት ምን ማለት ነው? ማነው የሚያወራው?

ከሰዓት ሽሮ ልገዛ ወጥቼ በርበሬ የምትሸጠዋ ሴት ለጎረቤቷ «ያቺ ናት» ስትል ሰማኋት። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ጥር 20

የምሳውን ነገር ልጻፈው።

ሊያያት በመጣ ቀን «ላስነዳህ፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ውረድባት» አልኩት። ወረደባት። እየሳቀ ነው የወረደው፤ እንደ ውሃ ትሄዳለች አለ። ሳይጠይቀኝ አልቀረም፣ ወደ ላይ፣ ወደ አሸተን ተራራ መንገድ እንሞክራት ብሎ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ጎማ ይጎዳል አልኩት። እውነት ነው፤ ድንጋይ ነው። ታች ስንደርስ ምሳ ጋበዝኩት። ሽሮ ብቻ አይደለም፤ ጥብስ አስመጣሁለት። ፀሐዩ እስኪበርድ ከጥላው ሥር አረፍ በል አልኩት። ይሄ ክፋት ነው? እንግዳ ማረፍ የለበትም? ከዚያ ለመመለስ ኪዳን ያዛት፤ ሰውየው እንግዳ ስለሆነ ነው። ኪዳን ቀስ ብሎ ወጣ፤ ማሞቂያውንም ከፈተው። ደሳለ በላብ ተነክሮ «በዚህ ሙቀት ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» ሲል እኔ ነኝ «የደጋ ሰው ስለሆንክ ይበርድህ እንደሆን ብለን ነው» ያልኩት።

አሁን ይሄን ሁሉ አገጣጥሞ ወጥመድ አድርጎታል፤ ምሳውም ሞተሩ እስኪበርድ፣ ማሞቂያውም የሞተሩን ሙቀት እንዲስብ ነው ይላል አሉ። ደግ መሆን ድሮ ቀረ። ለሰው ጥብስ ማብላት ከእንግዲህ ይቅርብኝ።

ጥር 24

ጋሸና ጋራዥ ያለው አብዱልከሪም ደወለልኝ። እሱን አውቀዋለሁ፤ ሰው አይበድልም፤ ምላሱ ግን ረጅም ነው። ደሳለ መኪናዋን አስጎትቶ እሱ ዘንድ አስገብቷታል።

«ወይንሸት፣ ራዲያተሯ ውስጥ በሶ አገኘሁ» አለኝ።

«በሶ?»

«የገብስ በሶ። ቀዳዳ ሊደፍኑበት የጨመሩት ነው። ወላሂ ይሄ የዛሬ ሥራ አይደለም፤ ከርሟል።»

በሶ የሌለበት የላስታ ቤት የት አለ? ሰውየው ራሱ ገብስ አምራች ነው። የፍላቂት ሰው ቀዳዳ ሲያይ የሚያስበው በሶ ነው፤ ራሱ ከትቶበት ይሆናል። ይሄን ለአብዱልከሪም ብነግረው ሳቀብኝ። ደግሞስ በሶ ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ እስካሁን እንዴት ይቆያል? ያኔ ኪዳንም ይሟሟል ብሎኝ ነበር።

ኪዳን ራት አልበላም። እኔም ና ብላ አላልኩትም።

የካቲት 2

ሰው ሰላም ይለኛል፤ ግን አይቆምም። ድሮ ቆሞ የሰባት ዘመዴን ጤና ይጠይቅ የነበረ ሁሉ ዛሬ እግዜር ይመስገን ብሎ ያልፋል። ይለፍ።

ደሳለ ዝም አለ። ዝምታው ከጩኸቱ ይብሳል። አንድ ነገር እያሰበ ነው።

የካቲት 5

ያሰበውን ዛሬ ሰማሁ። ቄስ አረጋ መጡ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ወንበር አቀረብኩ፣ ጠላ ቀዳሁ፣ ጠላውን አልነኩትም።

«ልጄ፣ ሰውየው ፍርድ ቤት አልሄድም አለ» አሉኝ።

«ይሂድ አባታችን። ውል አለኝ።»

«አልሄድም አለ አልኩሽ። አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው። አሸተን ማርያም ገዳም ወጥተሽ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ እንደምትተኛ አላውቅም ነበር ብለሽ ከማልሽለት፣ መኪናዋን ይዤ ዝም እላለሁ ብሏል። ካልማልሽ ግን ተረክበሽ ገንዘቡን ትመልሺለታለሽ። ኪዳንም እማኝ ስለነበር አብሮ ይምላል።»

ምን ልመልስለት? ገንዘቡ ጣራዬ ላይ ተመቷል። ቆርቆሮውን ነቅዬ ልስጠው?

«እርስዎም ይጠረጥሩኛል?» አልኳቸው።

ጠላውን አዩት፤ እኔን አላዩኝም። «እኔ አልፈርድም። ግን ልጄ፣ እኔም ተሳፍሬባታለሁ» አሉ።

ተሳፍረውባታል። በነጻ ነው ደግሞ የተሳፈሩት፤ ለንግሥ፣ ለቀብር፣ ለተዝካር ስንቴ አመላልሻቸዋለሁ። መንገድ ላይ ትንሽ ብንቆም፣ ኪዳን ጀሪካን ይዞ ቢወርድ፣ ያ ሁሉ ዛሬ ይቆጠርብኛል ማለት ነው። ለየካቲት 21፣ በወሩ የማርያም ቀን ቀጠሩኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልልም? የምፈራው የለም።

የካቲት 9

ኪዳንን አስቀምጬ አናገርኩት። እናታችን ስትሞት ጡት እንኳ በቅጡ አልተወም ነበር። ያሳደግኩት እኔ፣ ያስተማርኩት እኔ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣሁት እኔ። እኔ እሱን ብዬ ሳላገባ ቀረሁ፤ ይሄን አንድም ቀን አንስቼበት አላውቅም። ዛሬ ነው ያነሳሁት።

«በሩን ስነግረው ሰምተሃል?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ሬዲዮኗንስ?»

«ሰምቻለሁ እታለም።»

«በቃ። የሰማኸውን ሰምቻለሁ ብለህ ትምላለህ፤ አለቀ።»

«የሚጠይቁኝ እኮ የሰማሁትን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

ተነስቶ መጥረጊያ አነሳ። ተጠርጎ ያደረውን ግቢ እንደገና ሲጠርግ ዋለ። ለዚህ ለዚህ ነው ሰው ወንድም የሚያሳድገው።

የካቲት 14

ቃሉን አስተካከልኩት። እንዲህ እላለሁ፦ «የነገርኩት አመል እውነት ነው፤ ያልነገርኩትን እግዜር ያውቃል።» ይሄ ሐሰት የለበትም። በሩ አይዘጋም፤ ነግሬዋለሁ። ያልነገርኩትን እግዜር ያውቃል፤ እሱም እውነት ነው። እግዜር የማያውቀው ነገር አለ?

ግን ቄስ አረጋ እንዲህ አይቀበሉም። «አላውቅም ነበር በይ» ነው የሚሉት። እሱንም ሞከርኩት፤ መስታወት ፊት ቆሜ ቀስ ብዬ አልኩት። አላውቅም ነበር። ሲሉት ቀላል ነው። ደግሞ ማወቅ ማለት ምንድነው? እኔ መካኒክ ነኝ? ሞተር ከፍቼ አይቼ አውቃለሁ? መሞቋን አውቃለሁ፤ ሁሉም መኪና ይሞቃል። ዳገት ላይ የማይሞቅ መኪና ካለ ያምጡልኝ። ውሃ መጨመር ደግሞ አመል አይባልም፤ ሰውስ አይጠማውም?

ያንን ገበሬ ጠላሁት። ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ነው የማስበው፤ የወለዱኝን እንኳ እንዲህ አስቤያቸው አላውቅም።

የካቲት 18

ጾም ገባ። ድሮም ምግብ አላምርሽ ብሎኝ ነበር፤ ጾሙ ቀለለኝ።

ኪዳን አሸተን አብሬሽ እወጣለሁ አለ። እምላለሁ ግን አላለም። አልጠየቅኩትም።

የካቲት 21፣ ማርያም

ሁሉንም ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሌላ አድርጎ ሳያወራው።

በጠዋት ወጣን። እኔ፣ ኪዳን፣ ቄስ አረጋ። ዳገቱ ልቤን አወለቀው። ደሳለ ቀድሞን ከአጎቱ ጋር ደርሷል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጎን ቆሞ ነበር። ከስቷል። ይክሳ፤ እኔም ከስቻለሁ።

ቅዳሴ ወጣ። ሰዉ ጥቂት በጥቂት ሄደ፤ ያልሄዱት ሊያዩ የቀሩ ናቸው። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕል በመጎናጸፊያ ጠቅልለው አወጡ። ቄስ አረጋ «ወይንሸት፣ ቅደሚ» አሉኝ። ኪዳንን ዞሬ አላየሁትም። እጄን ዘረጋሁ።

ያኔ ደሳለ «ይቆዩኝ አባቶቼ» አለ።

ሁሉም ዞረ። ሰውየው መሬት እያየ ነው የሚናገረው፤ ደጄ ላይ እንደዚያ የጮኸው ሰው ድምፁ አይሰማም ነበር።

«አላስምላትም» አለ። «ቀድሞ ንዴት ነበር ያናገረኝ። እኔ የተኛች መኪና ነው የያዝኩት፤ ወይ ትጠገናለች ወይ ትጣላለች። እሷ በሐሰት ከማለች ግን ያስማልኳት እኔ ነኝ። እዳው ለሁለታችን ይተርፋል። ልጆች አሉኝ፤ ይሄን ተሸክሜ ቤቴ አልገባም። ትተወው።»

«በሐሰት ማን አለህ?» አልኩት። «እምላለሁ። ዳገቱን የወጣሁት ልምል ነው።»

ቄስ አረጋ «ልጄ፣ ባለጉዳዩ ከተወ መሐላ የለም» አሉኝ።

«እኔ ግን አልተውኩም።»

«እጅሽን መልሺ» አሉኝ።

እጄ ለካ እንደተዘረጋ ነው። መነኩሴው ሥዕሉን መልሰው ጠቀለሉት። አንዲት አሮጊት «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለች፤ ለሱ ነው የምትለው። እግዜር ይስጥህ። ለተሰደብኩት ለእኔ ሳይሆን ለሰደበኝ። ሰው ሁሉ ፊት፣ ማርያም ፊት፣ ሐሰተኛ ናት ብሎ ፈረደብኝና ደግ ተባለ። ቢያስምለኝ ይሻል ነበር። ምዬ ወርጄ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ገበያ እገባ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልከራከር? ማን ከሰሰኝና?

ነገሩ አለቀ፤ መኪናዋም እዚያው ቀረች፤ ጣራዬም ጣራዬ ነው። አሸነፍኩ ማለት ነው። ስንወርድ ኪዳን ከኋላ ቀረ። ዞሬ ሳይ የደሳለን አጎት እጃቸውን ይዞ ድንጋዩን ያሻግራቸው ነበር።

የካቲት 23

ኪዳን ልሂድ አለኝ።

«የት?»

«ፍላቂት። ጋሽ ደሳለ አይችልባትም። አብዱልከሪም የሚችለውን አድርጎላታል፤ ዕቃው እስኪገኝ ግን የሚያውቃት ሰው ካልነዳት ሞተሩ ጭራሽ ይሞታል። እኔ የት የት እንደምትቆም አውቃለሁ።»

«ጠየቀህ?»

«አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

ደሜ ፈላ። እኔን አሳፍረህ፣ የሰው ሎሌ ልትሆን፣ ለዚያ ለሰደበኝ ሰው ልትነዳ ነው አልኩት። ብዙ አልኩት፤ ሁሉንም አልጽፈውም። እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። አንቺ ነሽ እንኳ አላለኝም። ቢለኝ ይሻል ነበር፤ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር።

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል እግሬን ሰበሰብኩ። ተነስቶ ሄደ። ከዚህ ወዲያ ደጄን እንዳይረግጥ።

መጋቢት 3

የበልግ ዝናብ ጣለ። ከባድ ነው። ጣራው አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ባዶ ክፍሎቹን እየዞርኩ አየሁ፤ ሁሉም ደረቅ ነው። ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

መጋቢት 7

ኪዳን አልደወለም። እኔም አልደውልም። የክረምት ሹራቡን ትቶ ሄዷል፤ ፍላቂት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይበለው።

መጋቢት 12፣ ወልዲያ

በግብር ጉዳይ ወልዲያ እፈለጋለሁ ተብዬ በጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ። መኪና የለም። ብዙ ጠብቄ አንዲት ሚኒባስ ብቻ ቆማ አየሁ፤ ነጭ፣ የእኔዋ። የደሳለ ማለቴ ነው። ኪዳን በሩ ላይ ቆሞ ጋሸና ጋሸና እያለ ይጣራል። ልመለስ ብዬ ነበር፤ ግን ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ሰውም እያየኝ ነው። ገባሁ። ኪዳን አየኝ፤ በአንገቱ ሰላም አለኝ። ሒሳብ ሲሰበስብ ከሁሉም ተቀበለ፣ ከእኔም ተቀበለ።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ምንጩ ጋ ሲደርስ አቆማት። ማንም አላጉረመረመም፤ ለምደውታል። ሰዉ ሁሉ ራሱ ወረደ፤ አንዱ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባ፣ አንዱ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ሄደ። ኪዳን ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎቱ እስኪወጣ ቆመ። እኔ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሙጃ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው። በሶ ይበጠብጡ ነበር፤ እንካፈል አሉኝ። ጠግቤአለሁ አልኩ።

«እንዲህ ናት አሉ፤ ታርፋለች» አሉኝ። «ልጁ ጎበዝ ነው፤ አመሏን ያውቃል። ባለቤቱ ደሳለ የሚሉት ምስኪን ነው፤ አንዲት የላሊበላ ሴት ደብቃ ሸጠችለት። አሸተን ላይ ልትምልለት ወጥታ፣ ነፍሷ ያሳዝነኛል ብሎ ተዋት አሉ። አንቺም ከላሊበላ ነሽ መሰለኝ፤ ሴትዮዋን ታውቂያት ይሆን?»

«ማርያምን፣ አላውቃትም» አልኳቸው።

ከአፌ ወጣ። ሰው እንደሚለው ነው ያልኩት፤ ቀን ከሌት ማርያምን ሲባል ይውል የለ? ሴትዮዋም አምነውኝ በሷቸውን መበጥበጥ ቀጠሉ። ኪዳን ጀሪካኑን ይዞ ከእኛ ብዙም አይርቅም ነበር። መስማቱን አወቅኩ፤ ውሃው ሞልቶ ከራዲያተሩ አፍ እየፈሰሰ እሱ መጨመሩን አላቆመም ነበርና። ከዚያ ክዳኑን አጥብቆ ኮፈኑን ዘጋ። «ግቡ፣ በርዷል» አለን። እኔን አላየኝም። እስከ ጋሸና ድረስ በመስታወቱ እንኳ አላየኝም።

አሁን ወልዲያ አልጋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ ምን አሉኝ? ታውቂያት ይሆን ነው ያሉኝ፤ ለወሬ ያህል፤ አላውቅም ብል ይበቃቸው ነበር። እንድምል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።